የጡት ካንሰር በዘር ሲተላለፍ፦ ቅጹ ላይ «ጥቁር» ብሎ ማመልከት ለእኛ ምን ይነግረናል?

ከ፦ ሰላማዊት (ሜሪላንድ)

ውድ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ አርባ አንድ ነው። በቅርቡ ለመደበኛ ምርመራ በሄድኩበት ክሊኒክ ነርሷ ኮምፒውተሯ ላይ የጡት ካንሰር ስጋት ማስያ ከፍታ ጠየቀችኝ፦ የወር አበባ በስንት ዓመቴ እንደጀመረኝ፣ የመጀመሪያ ልጄን በስንት ዓመቴ እንደወለድኩ፣ ከጡቴ ናሙና ተወስዶ ያውቅ እንደሆነ፣ ከእናቴ፣ ከእህቶቼ ወይም ከሴት ልጆቼ መካከል የታመመ ይኖር እንደሆነ፣ በመጨረሻም ዘሬን። «ጥቁር ወይም አፍሪካ አሜሪካዊ» የሚለውን እሷው መረጠችልኝ። የወጣው ቁጥር ዝቅተኛ ስለነበረ «ምንም የሚያሳስብሽ ነገር የለም» ተብዬ ተሸኘሁ።

እኔን ያሳሰበኝ ማስያው ያልጠየቀኝ ነገር ነው። የአባቴ ታናሽ እህት ደሴ ውስጥ ገና በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳለች በጡት ካንሰር አርፋለች። የአባቴ ወንድም ልጅ ደግሞ በሠላሳ ስምንት ዓመቷ ታማ አሁን ቨርጂኒያ ውስጥ ሕክምና ላይ ናት፤ ዓይነቱ «ትሪፕል ኔጌቲቭ» የሚባለው፣ በሆርሞን መድኃኒት የማይታከመው ነው። ይህን ለነርሷ ስነግራት የሚሞላበት ቦታ እንደሌለ ገለጸችልኝ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በአባት በኩል ያለ ዘመድ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ሁለተኛ፣ አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ስላላቸው ሴቶች የሚወጣው ጥናት በአብዛኛው የተሠራው በአፍሪካ አሜሪካውያን ላይ ሲሆን የእነሱ የዘር ሐረግ በብዛት ከምዕራብ አፍሪካ የሚመዘዝ ነው። እኛ ከምሥራቅ ነን። ታዲያ የእነሱ ቁጥር ለእኔ ይሠራል?

ከ፦ መቅደስ (የዘረ-መል አማካሪ)

እህት ሰላማዊት፣ ሥራዬ የዘረ-መል ምክር ነው፤ የምጽፈው ግን አጠቃላይ ማብራሪያ እንጂ የግል ሕክምና ምክር አለመሆኑን አስቀድሜ ልግለጽ። የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጥያቄዎቹ እንደምረዳው የተሞላልዎት የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ያዘጋጀው ማስያ ነው። ለታሰበለት ዓላማ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን የሚቆጥረው እናትን፣ እህትንና ሴት ልጅን ብቻ ነው። አክስት፣ አያትና የአጎት ልጅ በስሌቱ ውስጥ ስለሌሉ በአባት በኩል የመጣ ስጋት ሙሉ በሙሉ ያመልጠዋል። ተቋሙ ራሱ ማስያው ብራካ 1 ወይም ብራካ 2 (BRCA1፣ BRCA2) በሚባሉት ዘረ-መሎች ላይ ጎጂ ለውጥ ላለባቸው ሴቶች እንደማያገለግል ገልጿል፤ ከዚህ ቀደም ናሙና የተወሰደላቸውን ጥቁር ሴቶች ስጋትም አሳንሶ ሊገምት እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ስለዚህ «ምንም የሚያሳስብሽ ነገር የለም» የሚለው ድምዳሜ መሣሪያው ከሚያውቀው በላይ የተነገረ ነው።

የአባት ወገን የሚቆጠረው ከእናት ወገን እኩል ነው። ብራካ 1 በ17ኛው፣ ብራካ 2 ደግሞ በ13ኛው ክሮሞዞም ላይ ይገኛሉ፤ ጾታን ከሚወስኑት ክሮሞዞሞች ጋር ግንኙነት የላቸውም። ጎጂ ለውጡን የተሸከመ አባት ለእያንዳንዱ ልጁ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ የማውረስ ዕድሉ ሃምሳ በመቶ ነው። ወንዶች በጡት ካንሰር የሚያዙት አልፎ አልፎ ስለሆነ ለውጡ በጤነኛ አባትና በጤነኛ አጎት በኩል ድምፁን አጥፍቶ ሊያልፍ፣ ከዚያም በእህቶቻቸውና በሴት ልጆቻቸው ላይ ሊታይ ይችላል። እርስዎ የገለጹት አቀማመጥ፣ ማለትም አንድ አክስትና የሌላ ወንድም ልጅ፣ ሁለቱም በወጣትነታቸው፣ አንዷም ትሪፕል ኔጌቲቭ፣ እኛን ቁጭ ብለን የቤተሰብ ሐረግ እንድንሥል የሚያደርገን ዓይነት ነው።

እነዚህ ዘረ-መሎች ጤነኛ ሲሆኑ የተሰበረ ዲኤንኤን ይጠግናሉ። አንዱ ቅጂ ተበላሽቶ ሲወረስና ሁለተኛው ቅጂ በሕይወት ዘመን በአንድ ሴል ውስጥ ሲጠፋ ጥገናው ይቋረጣል፤ ስሕተትም በስሕተት ላይ ይከማቻል። የብራካ 1 ጎጂ ለውጥ ካላቸው ሴቶች እስከ 80 ዓመት ዕድሜ ድረስ 72 በመቶ ያህሉ፣ የብራካ 2 ካላቸው ደግሞ 69 በመቶ ያህሉ በጡት ካንሰር እንደሚያዙ በ2017 የወጣ ትልቅ ጥናት ገምቷል፤ በአሜሪካ በጠቅላላው ሕዝብ ዘንድ ቁጥሩ ከስምንት ሴቶች አንዷ ገደማ ነው። የኦቫሪ (የእንቁላል ማፍሪያ) ካንሰር ስጋትም በብራካ 1 ወደ 44፣ በብራካ 2 ወደ 17 በመቶ ከፍ ይላል። ፓልቢ 2 የሚባለው ሌላ ዘረ-መልም የጡት ካንሰር ስጋትን ከግማሽ በላይ ያደርሳል። ኤቲኤምና ቼክ 2 መካከለኛ ስጋት የሚያመጡ ሲሆኑ ቲፒ 53 አልፎ አልፎ ቢገኝም እጅግ ከባድ ነው።

ስለ ሁለተኛው ጥያቄዎ ሌሎች የተሻለ የሚሉት ይኖራቸዋል፤ እኔም እመለስበታለሁ።

ከ፦ አበበ (ዳላስ)

እህቴ፣ ሳልፈራ ልናገር። ይህ ብራካ የሚሉት ነገር የነጮችና የአይሁዶች ጉዳይ እንደሆነ ነው የማውቀው። በ2013 አንጀሊና ጆሊ ጡቷን አስወገደች ተብሎ ዓለም ሁሉ ሲያወራ ሰማን፤ አሁን ደግሞ ወደ እኛ ዞሩ። «ጥቁር ስለሆናችሁ ደማችሁ ችግር አለበት» ማለት ለእኔ የቆየ ዘረኝነት በሳይንስ ልብስ ተሸፍኖ ሲመጣ ነው። ምርመራ መሸጥ የፈለገ ሰው ምክንያት አያጣም።

ከ፦ ዮናስ (የሞለኪውል ላብራቶሪ ባለሙያ)

አቶ አበበ፣ ከጥርጣሬዎ ግማሹን እጋራለሁ፤ ግማሹን ግን ቁጥሮቹ ይቃወሙታል።

የምጋራው ይህን ነው፦ «ጥቁር» የሚባል ዘረ-መል የለም። አፍሪካ በዘረ-መል ልዩነት ከሌላው ዓለም ሁሉ የሰፋች አህጉር ስለሆነች አንዲት የኢባዳን (ናይጄሪያ) ሴትና አንዲት የጎንደር ሴት በአንድ ሳጥን ውስጥ ሲገቡ ብዙ ነገር ይድበሰበሳል። በአሜሪካ ጥቁር ሴቶች በጡት ካንሰር የሚያዙት ከነጮች በጥቂቱ ባነሰ መጠን ሆኖ ሳለ የሚሞቱት ግን በ40 በመቶ ገደማ በበለጠ መጠን ነው፤ ለዚህ ሁሉ ልዩነት ዘረ-መልን ተጠያቂ የሚያደርግ ሰው ስለ ኢንሹራንስ፣ ስለ ዘገየ ምርመራና ስለተቋረጠ ሕክምና መናገር አልፈለገም ማለት ነው።

የማልጋራው «የነጮች ጉዳይ ነው» የሚለውን ነው። ሜሪ-ክሌር ኪንግ በ1990 ብራካ 1 የሚገኝበትን ቦታ ካመለከተች በኋላ ለብዙ ዓመታት ሲመረመሩ የኖሩት በአብዛኛው አውሮፓዊ ዘር ያላቸው ቤተሰቦች ስለነበሩ ለውጡ በሌላው ዘንድ የሌለ መሰለ። ያልተፈለገ ነገር ደግሞ አይገኝም። ናይጄሪያ ተወልዳ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የምትሠራው ዶክተር ኦሉፉንሚላዮ ኦሎፓዴና ባልደረቦቿ በኢባዳን ያሰባሰቡት ጥናት በ2018 ታትሟል። ከ1,136 የጡት ካንሰር ታማሚዎች 14.7 በመቶዎቹ በአንዱ የካንሰር ዘረ-መል ላይ የተወረሰ ጎጂ ለውጥ ነበራቸው፤ ከጤነኞቹ ማነጻጸሪያ ሴቶች ግን ለውጡ የተገኘባቸው ሁለት በመቶ እንኳ አይሞሉም። ብራካ 1 ብቻውን በ7 በመቶ፣ ብራካ 2 በ4.1 በመቶ ታማሚዎች ላይ ተገኝቷል። ከሁለት ዓመት በኋላ ከዩጋንዳና ከካሜሩን የመጣው ውጤትም ተቀራራቢ ነበር። በባሃማስ ደግሞ በቤተሰብ ታሪክ ሳይመረጡ ከተመረመሩ የጡት ካንሰር ታማሚዎች ወደ 23 በመቶዎቹ የብራካ 1 ለውጥ ተገኝቶባቸዋል፤ ከጥቂት ቅድመ አያቶች የተወረሱ፣ በደሴቶቹ ነዋሪ መካከል የተስፋፉ ለውጦች ናቸው።

በ2020 የታተመውና ከአሥር ሺህ በላይ አፍሪካ አሜሪካውያን ሴቶችን ያካተተው ጥናት፣ ኢስትሮጅን ተቀባይ (የሴት ሆርሞኑን ምልክት የሚቀበል ፕሮቲን) የሌለው ዕጢ ካላቸው ታማሚዎች በ10.3 በመቶ፣ ተቀባይ ካላቸው በ5.2 በመቶ፣ ከጤነኞች በ2.3 በመቶ ላይ ጎጂ ለውጥ አግኝቷል። በቀጣዩ ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ጥቁርና ነጭ ታማሚዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ሲያነጻጽር ያገኘው 5.65 እና 5.06 በመቶ ነው፤ ማለትም ይህ ነው የሚባል ልዩነት የለም። እንግዲህ «ደማችሁ ችግር አለበት» የሚል ሰው ከዚህ ድጋፍ አያገኝም፤ «እኛን አይመለከተንም» የሚልም እንዲሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የናይጄሪያውን 14.7 ከአሜሪካው 5.65 ጋር አስተያይቶ «ናይጄሪያ ውስጥ ውርሱ በሦስት እጥፍ ይበልጣል» ማለት አይቻልም። የናይጄሪያ ሕዝብ ወጣት ስለሆነ ታማሚዎቹም ወጣቶች ናቸው፤ በወጣትነት በታመሙት መካከል ደግሞ የተወረሰው ድርሻ ምንጊዜም ከፍ ይላል። ሁለቱ ጥናቶች የመረመሯቸው ዘረ-መሎች ዝርዝርም አንድ አይደለም።

ከ፦ ትርሲት (አዲስ አበባ)

በካንሰር ሕክምና ክፍል የምሠራ ሐኪም ነኝ። እህት ሰላማዊት «እኛ ከምሥራቅ ነን» ብላ ያነሳችው ነጥብ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል፤ በዚህ ረገድ ኢትዮጵያ በጥናቱ ዓለም ውስጥ ራሷን የቻለ ቦታ አላትና።

ትሪፕል ኔጌቲቭ የሚባለው ዕጢ የኢስትሮጅንም፣ የፕሮጀስትሮንም፣ የሄር 2ም ተቀባይ የሌለው ስለሆነ በእነዚህ በኩል የሚሠሩት መድኃኒቶች አይዙትም። በአሜሪካ ጥቁር ሴቶች ላይ የሚታየው ከነጮች በእጥፍ ገደማ ነው። የቀዶ ሕክምና ባለሙያዋ ሊሳ ኒውማንና ባልደረቦቿ በኩማሲ፣ ጋና ካለው ሆስፒታልና በአዲስ አበባ ካለው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ጋር ሆነው የታማሚዎችን ዕጢ በአንድ መለኪያ መረመሩ። በ2016 የታተመው ውጤት ብዙዎችን አስገርሟል፦ ከጋናውያን ታማሚዎች 53 በመቶ ያህሉ፣ ከአፍሪካ አሜሪካውያን 30 በመቶ ያህሉ፣ ከነጭ አሜሪካውያን ወደ 16 በመቶ የሚጠጉት ትሪፕል ኔጌቲቭ ሲሆኑ ኢትዮጵያውያኑ ግን 15 በመቶ ላይ ነበሩ። ከነጮቹ ጋር እኩል ማለት ነው። ከዚያ በፊት በ2014 ከአዲስ አበባ የወጣ ጥናትም ከታማሚዎቹ ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጉት ኢስትሮጅን ተቀባይ ያለው ዕጢ እንዳላቸው አሳይቶ ነበር፤ ይህም ትልቅ ጥቅም አለው፣ ታሞክሲፌንን የመሰለ ርካሽ ክኒን ይሠራላቸዋልና።

ለምን ተለያየን? አንዱ የቀረበ ማብራሪያ ወደ ወባ ይወስደናል። በቀይ የደም ሴል ላይ «ዳፊ» የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ቪቫክስ የተባለው የወባ ተሕዋስ ወደ ሴሉ የሚገባው በእሱ በኩል ነው። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሁሉ ይህን ፕሮቲን በቀይ ደም ሴሉ ላይ የሚያስቀር ለውጥ ስለወረሰ ቪቫክስ ብዙም አያጠቃውም። በኢትዮጵያ ግን ለውጡ ያላቸውም የሌላቸውም በብዛት ተደባልቀው ይኖራሉ፤ ቪቫክስ ፋልሲፓረም ከተባለው ሌላው የወባ ተሕዋስ ጎን ለጎን በአገራችን የተስፋፋበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው «የትኛው ወባ ነው?» ተብሎ የሚጠየቀው በከንቱ አይደለም። የኒውማን ቡድን በ2019 ባወጣው ሥራ ይህ የዳፊ ለውጥ ከትሪፕል ኔጌቲቭ ዕጢ ጋር ተያይዞ መታየቱን ዘግቧል። ፕሮቲኑ የብግነት ምልክት የሚያስተላልፉ ሞለኪውሎችን መጠን ስለሚቆጣጠር፣ ሲጠፋ ዕጢ የሚያድግበት አካባቢ ሊለወጥ እንደሚችል ይታሰባል። ተያይዞ መታየት ግን ምክንያት መሆን ስላልሆነ እንደ ተረጋገጠ ነገር መወሰድ የለበትም።

ከ፦ ሰላማዊት (ሜሪላንድ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዶክተር ትርሲት፣ የጻፍሽውን ሳነብ በመጀመሪያ እፎይ አልኩ፤ ከዚያ ግን ግራ ገባኝ። እንግዲህ እኛ ኢትዮጵያውያን ስጋታችን ዝቅተኛ ነው ብዬ ልውሰደው? የአጎቴ ልጅ ትሪፕል ኔጌቲቭ መሆኗስ እንዴት ይታያል?

ከ፦ መቅደስ (የዘረ-መል አማካሪ)

እንዲህ ብለው እንዳይወስዱት እለምናለሁ። ዶክተር ትርሲት የጠቀሰችው 15 በመቶ የሚናገረው ከታመሙት መካከል የዚህ ዓይነቱ ዕጢ ድርሻ ስንት እንደሆነ ነው። አንዲት ጤነኛ ሴት የመታመም ዕድሏ ስንት እንደሆነም፣ በቤተሰቧ ውስጥ ጎጂ ለውጥ ይኑር አይኑርም አይናገርም። እንዲያውም ትሪፕል ኔጌቲቭ በአገሩ ሰው ዘንድ በብዛት የማይታይ ከሆነ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ በሠላሳ ስምንት ዓመት መከሰቱ ይበልጥ ያጠያይቃል፤ የብራካ 1 ተሸካሚዎች ዕጢ በብዛት ይህን ዓይነት ነውና። የብራካ 2 ተሸካሚዎች ዕጢ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኢስትሮጅን ተቀባይ ያለው ስለሆነ «የእኔ ዘመድ ትሪፕል ኔጌቲቭ አልነበረችም» ማለትም ነጻ አያወጣም።

የምዕራቡና የምሥራቁ ልዩነት በእርግጥ የሚያስቸግረን ሌላ ቦታ ላይ ነው። በአሁኑ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ እያንዳንዳቸው ስጋትን በጥቂት በጥቂቱ የሚጨምሩ ለውጦችን ደምሮ አንድ ነጥብ የሚሰጥ ስሌት በአንዳንድ ላብራቶሪዎች ይሸጣል። ስሌቱ የተሠራው በአብዛኛው በአውሮፓውያን መረጃ ላይ ስለሆነ አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ባላቸው ሴቶች ላይ የመለየት ኃይሉ ይዳከማል። በ2024 ከ18,000 በላይ አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ያላቸው ታማሚዎችን የያዘ ጥናት ወጥቶ አዳዲስ ቦታዎችን ጠቁሟል፤ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ሆኖም በውስጡ የሚበዙት አፍሪካ አሜሪካውያንና ምዕራብ አፍሪካውያን ናቸው። ስለዚህ ዛሬ ይህ ነጥብ ለአንዲት ኢትዮጵያዊት ቢሰጣት ከፍም ይበል ዝቅም ይበል ውሳኔ እንድትወስንበት አልመክርም።

እንደ ብራካና ፓልቢ ያሉት ነጠላ ዘረ-መሎች ግን ከዚህ የተለዩ ናቸው። ፕሮቲኑን ከመሃል የሚቆርጥ ለውጥ በሐረር ሴትም በሊዝበን ሴትም ላይ ሥራው ያው ማበላሸት ነው። እዚህ ላይ የምንጎዳው በሌላ መንገድ ነው፦ ላብራቶሪው ያየው ለውጥ ከዚህ በፊት በመረጃ ቋቱ ውስጥ ካልታየ፣ ጎጂ ይሁን አይሁን ለመፍረድ ማነጻጸሪያ ስለሌለው «ትርጉሙ ያልታወቀ» ብሎ ይጽፋል። የእኛ ሰዎች በመረጃ ቋቶቹ ውስጥ ጥቂት ስለሆኑ ይህ መልስ በእኛ ላይ በብዛት ይወጣል። ብዙዎቹ ውሎ አድሮ ጉዳት የሌላቸው ሆነው ስለሚገኙ በዚህ ዓይነት መልስ ተመሥርቶ ጡትን ወይም ኦቫሪን ማስወገድ ተገቢ አይደለም። እንዲህ ያለ ወረቀት ይዛ «ካንሰር አለብሽ ተባልኩ» ብላ እያለቀሰች የመጣች ሴት አውቃለሁ። ወረቀቱ ይህን አላለም፤ የነገራት ሰው ግን በአምስት ደቂቃ ውስጥ አንብቦላት ወጥቷል።

ከ፦ ራሄል (ነታንያ፣ እስራኤል)

ከቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ ነኝ። እዚህ አገር ስለ ብራካ የማያውቅ ሰው የለም፤ ከአርባ አሽከናዚ (የዘር ሐረጋቸው ከመካከለኛውና ከምሥራቅ አውሮፓ የሆነ) አይሁዶች አንዱ ከታወቁት ሦስት ለውጦች አንዱን እንደሚሸከም ስለሚታወቅ ከ2020 ጀምሮ አሽከናዚ ዘር ያላቸው ሴቶች የቤተሰብ ታሪክ ባይኖራቸውም እንዲመረመሩ ተፈቅዶላቸዋል። ችግሩ ሌላ ነው። አንዲት የማውቃት ሴት እናቷ በጡት ካንሰር ካረፉ በኋላ ተመርምራ «ብራካ የለሽም» ተብላ ደስ ብሏት ተመለሰች። ወረቀቱን ስናየው የተፈለጉት እነዚያው የታወቁ ጥቂት ለውጦች ብቻ ነበሩ። የእኛ አያቶች ከሰሜን ጎንደር እንጂ ከፖላንድ አልመጡም፤ ታዲያ የፖላንዱ ለውጥ እኛ ላይ አለመገኘቱ ምን ያስደንቃል? በኋላ ዘረ-መሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዲነበብላት በጽሑፍ ጠይቃ ተፈቀደላት። ምርመራ የምታደርጉ ሁሉ «ሙሉው ተነቧል ወይስ የተመረጡ ቦታዎች ብቻ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከ፦ ዮናስ (የሞለኪውል ላብራቶሪ ባለሙያ)

ራሄል ያለችው በትክክል ነው፤ በአሜሪካም በፖስታ የሚላኩ የምራቅ መመርመሪያዎች ተመሳሳይ ጉድለት አለባቸው። ዋጋን በተመለከተ ደግሞ፣ እስከ 2013 ድረስ አንድ ኩባንያ በእነዚህ ዘረ-መሎች ላይ የባለቤትነት መብት ይዞ ስለነበር ምርመራው በሺዎች ዶላር ይጠየቅበት ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተፈጥሯዊ ዲኤንኤ የማንም ንብረት ሊሆን እንደማይችል ከወሰነ በኋላ ዋጋው እየወረደ መጥቶ አሁን ብዙ ዘረ-መሎችን በአንድ ጊዜ ማንበብ የተለመደ ሆኗል።

ከ፦ የሦስት ልጆች አባት (ሲያትል)

ይቅርታ፣ በሴቶች ጨዋታ ገባሁ እንዳትሉኝ። የእናቴም የአክስቴም ሕመም ይህ ነበር። እኔ ወንድ ነኝ፤ መመርመሬ ለሴት ልጆቼ ካልሆነ ለራሴ ይጠቅመኛል? ደግሞስ ኢንሹራንሶች ቢሰሙ አያባርሩኝም?

ከ፦ መቅደስ (የዘረ-መል አማካሪ)

ለራስዎም ይጠቅማል። የብራካ 2 ተሸካሚ የሆነ ወንድ እስከ 80 ዓመት ድረስ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሉ 7 በመቶ ገደማ ነው፤ ከዚያ ይልቅ የሚያሳስበው ቀደም ብሎ የሚመጣና ኃይለኛ የሆነ የፕሮስቴት ካንሰር ነው፤ የቆሽት (ፓንክሪያስ) ካንሰር ስጋትም ይጨምራል። የፕሮስቴት ክትትልዎ ከሌላው ሰው ቀድሞ እንዲጀመር ያደርጋል።

ኢንሹራንስን በሚመለከት፣ በ2008 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የጤና ኢንሹራንስ ድርጅቶችና አብዛኞቹ አሠሪዎች በዘረ-መል ውጤት ምክንያት አድልዎ እንዳያደርጉ ይከለክላል። የሕይወት፣ የአካል ጉዳትና የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ኢንሹራንስን ግን አይሸፍንም። የሕይወት ኢንሹራንስ ለመግባት ያሰበ ሰው ከምርመራው በፊት ቢያስብበት ይሻለዋል፤ ይህን በግልጽ የሚናገር ሰው ጥቂት ነው።

ከ፦ አበበ (ዳላስ)

ስለ ባሃማስና ስለ ናይጄሪያ የተጻፈውን ደግሜ አነበብኩት። የቁጥር ክርክር የለኝም። ነገር ግን በአገር ቤት ላለው ዘመድ ይህ ሁሉ ምን ይፈይድለታል? እዚያ ማሞግራም ለማግኘት እንኳ ስንት ጣጣ ነው።

ከ፦ ትርሲት (አዲስ አበባ)

ጥያቄው ተገቢ ነው። የዘረ-መል ምርመራ እዚህ የዕለት ተዕለት አገልግሎት አይደለም፤ ናሙና ወደ ውጭ ተልኮ የሚሠራለት ጥቂት ሰው ነው። የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ቀዳሚው ካንሰር ነው፤ ወደ እኛ የሚመጡት አብዛኞቹ ከሃምሳ ዓመት በታች ናቸው፤ ዕጢውም ቆይቶ ገፍቶ ነው። ወጣትነታቸውን ብቻ አይቶ «ሁሉም በውርስ ነው» ማለት ግን ስሕተት ነው፤ የአገሩ ሕዝብ ራሱ ወጣት ነው።

ሆኖም ያለ ምንም ማሽን የሚሠራ አንድ ነገር አለ። እኛ ለጋብቻ ሲሆን እስከ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፤ ሽማግሌ ተልኮ ከአባትም ከእናትም ወገን የትኛው አያት ከየት እንደመጣ ይጣራል። እነዚያ ሰዎች በምን እንደሞቱ ግን አይጠየቅም፤ ለቅሶ ላይ «ትንሽ አሟት ነበር» ተብሎ ይታለፋል። ታማሚን ስጠይቅ በመጀመሪያ የማገኘው መልስ «በቤታችን እንዲህ ዓይነት በሽታ የለም» የሚል ነው። ጥያቄውን ቀይሬ «በወጣትነቷ ያረፈች አክስት አለች? ሆዷ ተነፍቶ የታመመች አለች? ጡቷ የቆሰለ አለች?» ስል ነው ሌላ ታሪክ የሚወጣው። በውጭ ያላችሁ ስትደውሉ እንዲህ እየለያችሁ ጠይቁ። ሁለተኛው ነገር ወረቀት ነው። እዚህ የፓቶሎጂ ውጤት በብዙ ቤት ከቤት ካርታና ከልደት ሰርተፍኬት ጋር በአንድ ፌስታል ተቀምጦ ይገኛል፤ ታማሚዋ ብታርፍም አይጣል። ፎቶ አንስቶ ሜሪላንድ ላለች የወንድም ልጅ መላክ ለሐኪሟ ከማንኛውም ማስያ ይልቅ ይጠቅማል።

ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ብዬ አንድ ነገር ልበል፦ ያ የዳፊ ለውጥ ያለባቸው ሰዎች ኒውትሮፊል የተባለው የነጭ ደም ሴላቸው ብዛት በተፈጥሮው ዝቅ ያለ ነው። ይህን የማያውቅ ሐኪም ቁጥሩን አይቶ ኬሞቴራፒውን ሊያዘገይ ወይም መጠኑን ሊቀንስ ይችላል። ውጭ አገር የምትታከሙ፣ ከመታመማችሁ በፊት የነበረ የደም ምርመራ ካላችሁ አሳዩ።

ከ፦ ሰላማዊት (ሜሪላንድ)

በዶክተር ትርሲት ምክር ደሴ ለምትኖረው ታላቅ አክስቴ ደውዬ ነበር። እንደተባለው መጀመሪያ «የለም» አሉኝ። ሆድ ስለመነፋት ስጠይቃቸው ግን የአባቴ እናት ሆዳቸው ውኃ እየቋጠረ፣ ጠበልም ሐኪም ቤትም ተሞክሮ፣ በሃምሳዎቹ ዕድሜያቸው ማረፋቸውን ነገሩኝ። ይህን አባቴም አጥርቶ አያውቅም ነበር። የአጎቴ ልጅ ደግሞ እስካሁን የዘረ-መል ምርመራ እንዳልተደረገላት፣ ማንም እንዳላነሳላት ነገረችኝ። አሁን ማን ይቅደም? እኔ ነኝ ወይስ እሷ?

ከ፦ መቅደስ (የዘረ-መል አማካሪ)

እሷ ትቅደም። የአያትዎ ሕመም የኦቫሪ ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ የጉበት ወይም ሌላ በሽታም ሊሆን ስለሚችል ሲናገሩ «ምክንያቱ ያልተረጋገጠ» ብለው ያስመዝግቡት፤ ነገር ግን ሳይነገር አይቅር። የአጎትዎ ልጅ በየትኛውም ዕድሜ ትሪፕል ኔጌቲቭ በመሆኗ ብቻ በአሜሪካ መመሪያዎች መሠረት ምርመራው ሊቀርብላት ይገባ ነበር፤ ጥቁር ሴቶች ከሐኪማቸው ይህን ምክር የሚያገኙት ከነጮች ባነሰ መጠን እንደሆነ በጥናት ተረጋግጧል። ለእሷ ነገሩ የውርስ ጉዳይ ብቻም አይደለም፤ ጎጂ ለውጥ ከተገኘባት ኦላፓሪብን የመሰሉ መድኃኒቶች በሕክምናዋ ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ፤ ለሁለተኛው ጡትና ለኦቫሪዋም ዕቅድ ይወጣል። ስለዚህ ለቀጣዩ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ዛሬውኑ ለካንሰር ሐኪሟ መልእክት ትላክ።

የታመመ ሰው ሲቀድም መልሱ ይጠራል። በእሷ ላይ አንድ ጎጂ ለውጥ ከተገኘ የውጤቷን ወረቀት ይቀበሏት፤ የዘረ-መሉ ስምና የለውጡ ትክክለኛ ስያሜ የሰፈረበት መስመር ነው የሚያስፈልገው። ያንኑ ለውጥ በአባትዎ ላይ ወይም በቀጥታ በእርስዎ ላይ መፈለግ ይቻላል፤ አንዳንድ ላብራቶሪዎች ውጤቱ ከወጣ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ የቅርብ ዘመድን ያለ ክፍያ ይመረምራሉ። በዚያን ጊዜ እርስዎ ላይ ካልተገኘ በእርግጥ አልወረሱትም፤ ስጋትዎም ወደ ማንኛዋም ሴት ይጠጋል። ከተገኘ ዓመታዊ ኤምአርአይና ማሞግራም ወዲያው ይጀመራል፤ ኦቫሪን ስለማስወገድም ንግግር ይከፈታል፤ ለብራካ 1 የሚመከረው ዕድሜ ከ35 እስከ 40 ስለሆነ በእርስዎ ዕድሜ የሚዘገይ ውይይት አይደለም።

በእሷ ላይ ምንም ካልተገኘ ወይም «ትርጉሙ ያልታወቀ» ከወጣ ግን የእርስዎ ስጋት በቤተሰብ ታሪኩ ይሰላል። ለዚያ የሁለቱንም ወገን አክስቶችና አያቶች የሚያስገቡ፣ እንደ ታይረር-ኩዚክና ካንሪስክ ያሉ ማስያዎች አሉ። ክሊኒኩን «አባቴን የሚቆጥር ማስያ ይሠራልኝ» ብለው በስሙ ጠርተው ይጠይቁ።